ስለ ሥዕል ትምህርት ጥቅምና አሰጣጥ

«ልጄን ወደ ትምህርት ቤት የሰደድሁት ሊማር ነው እንጂ ግድግዳ ሊያጠቁር አይደለም» የሚል አባት በየመንደሩ ይገኛል። እኛም በልጅነታችን በከሰል በሬ ሥለን በመገኘታችን ተገርፈናል። የገረፉን የኔታ ጠልተውን አልነበረም፤ ሥዕል ከጨዋታ የሚቈጠር መስሏቸው ነው እንጂ። ነገር ግን ይህ አሳብ የሚያመጣውን ጉዳት ካደግን በኋላ አየነው።

በጸሐፊነት ሥራ ላይ ሳለን፥ ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ሲካፈሉ ወሰኑን እንድንጽፍላቸው ተጠራን። እኛም ባማረ ቃል «ከዋርካው አንሥቶ፥ በጅረቱ ታጥፎ፥ እስከ ድንጋዩ ክምር» ብለን ጻፍን። ከጥቂት ዓመት በኋላ ዋርካው ወደቀ፤ ጅረቱም በክረምት ጎርፍ መንገዱን ለወጠ። ወንድማማቾቹም ያንኑ የኛን ጽሑፍ ይዘው ተካሰሱ። ኮረብታውን ምልክት አድርገን፥ ልኩን ጠብቀን የመሬቱን መልክ በወረቀት ሥለን ቢሆን ኖሮ ጠቡ በቀለለ ነበር። ብዕር መያዝ እናውቅ ነበር፤ ዓይናችን ያየውን በእጃችን ማስፈር ግን አልተማርንም።

ሥዕል ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ጻድቁን በሁለት ዓይን፥ ክፉውን በጎኑ ባንድ ዓይን ይሥሉታል፤ ይህም ምሥጢርን ለማስረዳት የቆመ ሥርዓት ነው እንጂ አለማወቅ አይደለም። የዛሬው ትምህርት ቤት ደግሞ ዓይን እንደሚያየው መሣልን ያስተምራል። አንዱ ሌላውን አይሽርም። አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ በሺካጎ ከተማ ተምረው ተመልሰው፥ በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ እርሱም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። አፈወርቅ ተክሌም ለማዕድን ምህንድስና ወደ እንግሊዝ አገር ተልከው ሳለ ወደ ሥዕል ተመለሱ፤ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የመስተዋት ሥዕላቸው 150 ካሬ ሜትር ይሰፋል።

እንግዲህ በሁለተኛ ደረጃ ላሉ ልጆች ትምህርቱ በዚህ ተራ ቢሰጥ መልካም ነው።

1ኛ፤ ማየት። መምህሩ እንስራ በበርጩማ ላይ ያኑር። ልጁ አፏ ክብ መሆኑን ስለሚያውቅ ክብ አድርጎ ይሥላል። ነገር ግን ከላይ ወደ ታች ሲያያት ሞላላ፥ በዓይኑ ልክ ስትቀመጥ አንድ መሥመር ሆና ትታያለች። «ያወቅኸውን ሳይሆን ያየኸውን ሣል» ይበለው።

2ኛ፤ መለካት። ልጁ ቀጭን እንጨት ይዞ፥ ክንዱን ዘርግቶ፥ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፥ በአውራ ጣቱ እየለካ የእንስራዋን ቁመት ከወርዷ ጋር ያስተያይ።

3ኛ፤ ብርሃንና ጥላ። ብርሃን ባንድ መስኮት ብቻ ሲገባ የትኛው ጎን እንደሚበራ፥ የትኛው እንደሚጠቁር፥ ጥላዋም ወዴት እንደሚወድቅ ይመልከት።

4ኛ፤ ሩቅና ቅርብ። ከደጅ ወጥተው አጥሩን ይዩ፤ እንጨቶቹ በቁመት እኩል ሲሆኑ የራቀው ያንሳል። ተራራውም በመካከል ባለው አየር ምክንያት እየራቀ ሲሄድ ይሰማያዊና ይደበዝዛል።

5ኛ፤ ቀለም። ቀይ፥ ቢጫና ሰማያዊ እንደ እናት ናቸው። ቢጫና ሰማያዊ ሲቀላቀሉ አረንጓዴ፥ ቀይና ቢጫ ብርቱካናማ፥ ቀይና ሰማያዊ ሐምራዊ ይወልዳሉ።

መሣሪያ የለም ብሎ መምህር አይስነፍ። ቀጫጭን ደረቅ እንጨት በጣሳ ሞልቶ፥ ለጢስ መውጫ ጥቂት ቀዳዳ ትቶ፥ ክዳኑን በጭቃ መርጎ እሳት ውስጥ ቢያኖረው፥ አየር ስለሚያጣ አመድ ሳይሆን መሣያ ከሰል ይወጣል። ቀይ አፈርም ተፈጭቶ፥ ተነፍቶ፥ በእንቁላል አስኳል ቢለወስ ቀለም ይሆናል።

መምህሩ የልጁን እጅ ይዞ አይሣልለት፤ በተሳሳተው ላይም አይሳቅ። ወደ እንስራዋ መልሶ «እስኪ ደግመህ እይ» ይበለው። ማርክ ሲሰጥም ያማረውን ብቻ ሳይሆን አጥብቆ የተመለከተውን ያክብር።

እናንተም ሽማግሌዎች ሆይ፥ ልጁ ከሰል ይዞ ብታገኙት አትቈጡት። ወረቀት ስጡትና የእርሻችሁን መልክ እንዲሥልላችሁ እዘዙት፤ ከዋርካው ይልቅ የማይወድቀውን ኮረብታ አሳዩት። እናንተ ባለፋችሁ ጊዜ ልጆቻችሁ በወሰን እንዳይጣሉ ያ ወረቀት ይረዳቸዋል።