የሒሳብ ትምህርት፦ ሠንጠረዥም ፈንክሽን ነው

ስለ ፈንክሽን ስንማር «ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ የሚሰጥ ሕግ ነው» ብለን ነበር። ዛሬ ይህን ሐሳብ ሁላችሁም ከምታውቁት ነገር፣ ከራሽን ሠንጠረዥ ጋር እናያይዘዋለን። ከዚያም ዴክስ የተባለው፣ ለምርምርና ለሙከራ የተሠራ የኮምፒዩተር ቋንቋ ይህንኑ ሐሳብ እንዴት እንደተጠቀመበት እንመለከታለን። ለዚህ ትምህርት ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ እርሳስና ደብተር ይበቃል።

1. ምሳሌ

ሦስት ቤተሰቦች አሉ እንበል። ቤተሰብ ሀ 4 ሰው፣ ቤተሰብ ለ 7 ሰው፣ ቤተሰብ ሐ 2 ሰው አለው። የአንድ ሰው የወር ድርሻ ዱቄት 10 ኪሎ፣ ባቄላ 2 ኪሎ፣ ዘይት 1 ሊትር ይሁን። (ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲያመቹ የተመረጡ ናቸው እንጂ የማንኛውም ካምፕ ልክ አይደሉም።) የሰውን ብዛት በአንድ ሰው ድርሻ ስናባዛ የሚከተለውን እናገኛለን፦

ቤተሰብ ሀ፦ ዱቄት 40፣ ባቄላ 8፣ ዘይት 4
ቤተሰብ ለ፦ ዱቄት 70፣ ባቄላ 14፣ ዘይት 7
ቤተሰብ ሐ፦ ዱቄት 20፣ ባቄላ 4፣ ዘይት 2
ድምር፦ ዱቄት 130፣ ባቄላ 26፣ ዘይት 13

ትክክል መሆኑን በሌላ መንገድ እናረጋግጥ። የሦስቱ ቤተሰቦች ሰው በጠቅላላው 13 ነው። 13 × 10 = 130፤ 13 × 2 = 26፤ 13 × 1 = 13። ድምሩ ገጥሟል።

2. ሠንጠረዡ ለምን ፈንክሽን ሆነ?

ሠንጠረዡን «ቤተሰብ ለ፣ ባቄላ» ብላችሁ ብትጠይቁት «14» ብሎ ይመልሳል። ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ አለው፤ ስለዚህ ፈንክሽን ነው። በቀመር የተጻፈ ፈንክሽን መልሱን ስንጠይቀው ያሰላል፤ ሠንጠረዥ ግን አስቀድሞ አስልቶ ያስቀምጣል። የዴክስ መነሻ ሐሳብ ይህ ነው። በዚህ ቋንቋ ፈንክሽንና ሠንጠረዥ የሚጻፉት ተመሳሳይ በሆኑ የቀስት ምልክቶች ነው። ከላይ የሠራነው ስሌትም ባጭሩ «ለእያንዳንዱ ቤተሰብና ለእያንዳንዱ ዕቃ፣ የቤተሰቡን ሰው ብዛት በዕቃው ድርሻ አባዛ» ተብሎ ይጻፋል። የጉግል ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ስለዚህ ቋንቋ በ2021 እ.ኤ.አ. የጥናት ጽሑፍ አሳትመዋል።

3. ስሕተቱ የት ይገባል?

በብዙ የኮምፒዩተር ቋንቋዎች ረድፍም ሆነ ዓምድ የሚጠራው 1፣ 2፣ 3 እየተባለ በቁጥር ብቻ ነው። በምሳሌያችን ቤተሰቦቹ ሦስት፣ ዕቃዎቹም ሦስት ናቸው። አንድ ሰው ፕሮግራሙን ሲጽፍ ተሳስቶ በቤተሰቡ ቁጥር ፋንታ የዕቃውን ቁጥር ቢያስገባ ኮምፒዩተሩ ምንም ሳይል ያሰላል። ውጤቱም ለሦስቱም ቤተሰቦች አንድ ዓይነት ይሆናል፦ ዱቄት 40፣ ባቄላ 14፣ ዘይት 2። ሁለት ሰው ያለበት ቤት 40 ኪሎ ዱቄት ይወስዳል፤ ሰባት ሰው ያለበት ቤትም በዚያው በ40 ኪሎ ወሩን እንዲገፋ ይገደዳል። ወረቀቱ ንጹሕ፣ ቁጥሩም የተስተካከለ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥርም።

በዴክስ ግን የቤተሰብ መለያና የዕቃ መለያ የተለያዩ ዓይነቶች መሆናቸውን አስቀድሞ ማስታወቅ ይቻላል። ከዚያ በኋላ አንዱን በሌላው ቦታ ብታስገቡ ቋንቋው ስሌቱን ከመጀመሩ በፊት «አይሆንም» ይላል። ሁለቱም ሦስት ሦስት መሆናቸው አያታልለውም።

ሆኖም ቋንቋው ሁሉን አያውቅም። የቤተሰብ ለ ሰው 7 ሆኖ ሳለ በመዝገቡ ላይ 6 ተብሎ ቢጻፍ ዴክስም አያርመውም። ያንን ማረም የሚችለው ቤተሰቡን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

4. ሥራን መከፋፈል

በሠንጠረዡ ውስጥ 9 ቤቶች አሉ። አንዱን ቤት ለመሙላት የሌላውን መልስ መጠበቅ አያስፈልግም። ዘጠኝ ተማሪዎች አንድ አንድ ቤት ቢይዙ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጨርሳሉ። ሳይንቲስቶች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቁጥሮች ያሉባቸውን ሠንጠረዦች ሲያሰሉ፣ ሥራውን አብረው ለሚሠሩ ብዙ የስሌት ክፍሎች የሚያከፋፍሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

5. የዚህ መንገድ ቀዳሚ

ሠንጠረዥን እንደ አንድ ሙሉ ነገር ማስላትን ካስፋፉት ሰዎች ዋነኛው ኬኔት አይቨርሰን ነው። በ1920 እ.ኤ.አ. በካናዳ ተወለደ። ዘጠነኛ ክፍልን እንደ ጨረሰ ትምህርቱን አቋርጦ በቤተሰቡ እርሻ ላይ ሠራ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአየር ኃይል ሲያገለግል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በተልዕኮ ቀጠለ፤ በኋላም ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1962 እ.ኤ.አ. ስለ አዲሱ የአጻጻፍ ዘዴው መጽሐፍ አሳተመ፤ ቋንቋውም ኤ.ፒ.ኤል. ተባለ። በ1979 እ.ኤ.አ. በኮምፒዩተር ሙያ ከፍተኛ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበለ። ትምህርታችሁ የተቋረጠባችሁ ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ የቤታችሁን ሠንጠረዥ እንዲሠሩ አድርጉ። የሰውን ብዛት እናንተ ንገሯቸው፤ ማባዛቱንና መደመሩን እነርሱ ይሥሩ፤ ውጤቱንም በካርዱ ላይ ካለው ጋር አብራችሁ አስተያዩ።

መልመጃ

1. አምስት ሰው ያለው ቤተሰብ መ ቢጨመር ረድፉን ሙሉ። አዲሱ ድምር ስንት ይሆናል? በሁለተኛው መንገድም አረጋግጡ።
2. ከሚከተሉት ስሕተቶች ዴክስ ሊይዝ የሚችለው የትኛውን ነው? ሀ) በቤተሰብ መለያ ቦታ የዕቃ መለያ ማስገባት። ለ) የአንድ ሰውን ዘይት 1 ሊትር በማለት ፋንታ 2 ሊትር ብሎ መጻፍ።

መልስ (ሠርታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ተመልከቱ)፦ 1. ዱቄት 50፣ ባቄላ 10፣ ዘይት 5፤ ድምር 180፣ 36፣ 18። 2. ሀ።

መልካም ጥናት!