እጅ ሲደፍር ፊት ይደማል፦ በብረት መላጫና በሳሙና ጺም መላጨትን ለሚጀምሩ

በብረት መላጫ መላጨት የጀመረ ሰው ፊቱን የሚያቆስለው በመጀመሪያው ቀን አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ይፈራል። ስለቱ ጉንጩ ላይ ሲያርፍ ትንፋሹን ይይዛል፣ እጁን ያቀላል፣ እዚህም እዚያም ትንሽ ጺም ቢቀር አይገደውም። ጥቂት ጊዜ በሰላም ከተላጨ በኋላ ግን ፍርሃቱ ይለቀውና እጁ ይከብዳል። አንገት የሚቆረጠው፣ ቆዳ የሚቃጠለው፣ አገጭ ሥር ችፍ ችፍ የሚለው ያኔ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ አሠራሩን ብቻ ሳይሆን፣ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው መቼ ማለፍ እንደሚገባም ይናገራል። ብዙ ጀማሪ የሚያልፈው ሲሰለቸው ነው፤ መታለፍ ያለበት ግን ቆዳው ሲፈቅድ ነው።

የምናወራው በሁለት በኩል ስለት ያለው ቀጭን ምላጭ ስለሚገባበት የብረት መላጫ ነው። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1903 ይህን ዕቃ ለገበያ ሲያቀርብ በመጀመሪያው ዓመት የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። ይበልጥ በሰፊው የተሰራጨው ግን የአሜሪካ ጦር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለወታደሮቹ ካደለው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ባለ ብዙ ምላጩ የፕላስቲክ መላጫ ቦታውን ወሰደ። የዛሬው ጀማሪ ችግርም ከዚያ ይመጣል። የፕላስቲኩ ራስ ከፊት ጋር እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ ማዕዘኑን ራሱ ይፈልጋል፤ ቢጫኑትም ይታገሳል። የብረቱ ራስ አይጠማዘዝም። ማዕዘኑን የሚፈልገው፣ ክብደቱን የሚመጥነው የሰውየው እጅ ነው፤ ያ እጅ ደግሞ ለዓመታት መጫን ለምዷል።

እንደ እኛ ጠመዝማዛ ጸጉር ላለው ሰው ነገሩ ከዚህም ይጠነክራል። ጠመዝማዛ ጺም ከቆዳው ጋር እኩል ሆኖ ወይም ከዚያ ዝቅ ብሎ ሲቆረጥ ጫፉ ይሾላል፤ እያደገ ሲታጠፍ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል። አንገት ላይ ለወራት የማይለቁት ጥቋቁር እብጠቶች አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ውጤት ናቸው። ባለ ብዙ ምላጩ የመጀመሪያው ስለት ጸጉሩን እየሳበ የሚቀጥለው ከቆዳ በታች ስለሚቆርጠው ነገሩን ያባብሳል። አንድ ምላጭ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ የሚሻለው ግን በልክ ከተላጩበት ብቻ ነው።

አንደኛ፦ ዕቃው

እዚህ ላይ ብዙ አይድከሙ። ጠርዙ ድፍን የሆነ፣ ጥርስ የሌለው መላጫ ይምረጡ። ክፍተቱ የሚስተካከለውንና ራሱ ጠመም ተደርጎ የተሠራውን ለጊዜው ይተዉት። ምላጭ በጣም ስለታም ከሚባሉት አይጀምሩ፤ የጃፓኑ ፌዘር ጥሩ ምላጭ ነው፣ ለጀማሪ እጅ ግን ምሕረት የለውም። መካከለኛ የሆነ አንድ ዓይነት ይግዙና ቢያንስ ለአንድ ወር እሱን ብቻ ይጠቀሙ። ብሩሽ፣ የመላጫ ሳሙና እና አሉም የሚባለው እንደ ክሪስታል ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ድንጋይ ከጨመሩ በቂ ነው።

ሁለተኛ፦ ጺሙ ወዴት እንደሚተኛ ይወቁ

ከመላጨትዎ በፊት ጺምዎን ለሁለት ቀን ያሳድጉ። ከዚያ በንጹሕ ጣት ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዳብሱት። ጣትዎ ሳይያዝ የሚንሸራተትበት አቅጣጫ ጸጉሩ የሚተኛበት ነው፤ የሚሻክረው ተቃራኒው ነው። ጉንጭ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ይተኛል። አንገት ግን አይታመንም፦ በማንቁርት ግራ ወደ ጆሮ፣ በቀኝ ወደ ላይ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ በአንድ ቦታ ይዞራል። በወረቀት ላይ ፊት ሥለው ቀስቶቹን ያስፍሩና መስታወቱ አጠገብ ይለጥፉት። «አውቀዋለሁ» ብሎ ይህን የሚዘል ሰው አንገቱን ሳያውቅ በተቃራኒው ይላጫል፤ ሲደማም ምላጩን ይወቅሳል።

ሦስተኛ፦ ጺሙን ያለስልሱ፣ አረፋውን ይሥሩ

ደረቅ ጺም ጠንካራ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ለመቁረጥም ብዙ ኃይል አይፈልግም። ገላዎን ከታጠቡ በኋላ ቢላጩ ይመረጣል። ካልሆነ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ፎጣ ፊትዎ ላይ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ያቆዩ። የሚያቃጥል ውሃ አያስፈልግም፤ ቆዳን ያደርቃል።

ብሩሹ ከአሳማ ጸጉር የተሠራ ከሆነ ፊትዎን እስኪታጠቡ ድረስ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይቆይ። አውጥተው ያራግፉት፤ ሳሙናው ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያሽከርክሩት። ከዚያ በሳህን ወይም በፊትዎ ላይ እያሽከረከሩ ውሃ በጠብታ ይጨምሩ። ጀማሪ የሚሳሳተው በብዛት ውሃ በማሳነስ ነው። አረፋው ደርቆ እንደቆመ ከቀረ ውፍረቱ ያታልላል እንጂ ምላጩን አያንሸራትትም። ትልልቅ ፊኛ ከሠራና ከወረደ ደግሞ ውሃው በዝቷል፤ ሳሙና ይጨምሩበት። ደህና የረጋ እርጎ ይመስል ለስልሶ ሲያብረቀርቅ፣ በሁለት ጣት መካከል ሲያሹትም ሲያዳልጥ ደርሷል። ቤትዎ የሚመጣው የጉድጓድ ውሃ ከሆነና በማፍያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ከሆነ አረፋው በቀላሉ አይነሳም፤ ሳሙናውን ያብዙ፣ ወይም ለዚህ ብቻ አንድ ሲኒ የታሸገ ውሃ ያሙቁ።

አራተኛ፦ አንድ ዙር ብቻ፣ በጸጉሩ አቅጣጫ

እጀታውን ጫፉ አካባቢ በጣቶችዎ ብቻ ይያዙ፤ በመዳፍ አይጨብጡት። የመላጫውን ክዳን ጉንጭዎ ላይ ያስደግፉ፤ እጀታው ከፊትዎ ቀጥ ብሎ ይውጣ። በዚህ ጊዜ ስለቱ ጸጉሩን አይነካም። እጀታውን ቀስ እያሉ ወደ ታች ዝቅ ያድርጉ፤ ስለቱ ጸጉሩን መንካት ሲጀምር ይቁሙ። ያ ማዕዘን ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ መለኪያ ግን አያስፈልግዎትም፣ ጆሮዎ ይነግርዎታል። ትክክል ሲሆን የተቆረጠ ጺም ድምፅ በግልጽ ይሰማል። ድምፁ ከጠፋ እየቆረጡ አይደለም፤ ወይ ክዳኑ እየተንሸራተተ ነው፣ ወይ ስለቱ ቆዳ እየፋቀ ነው።

አይጫኑ። የብረት መላጫ ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 100 ግራም ይመዝናል፤ ያ ክብደት ለሥራው ይበቃል። ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር በሚሆን አጭር እንቅስቃሴ ይሂዱ፣ በየመሀሉ ያጥቡት። በሌላ እጅዎ ቆዳውን ቀጥ እንዲል ያህል ብቻ ይያዙት፤ አጥብቀው ከሳቡት ጸጉሩ ከቆዳ በታች ይቆረጣል። አረፋው በተጠረገበት ቦታ ምላጩን አይመልሱ። የቀረ ካለ አረፋ ይቀቡና ያን ጊዜ ይመለሱ።

መጨረሻ ላይ ፊትዎን በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠቡና የረጠበውን አሉም ያስኪዱበት። ይህ ድንጋይ ጥቃቅን መድማትን ያቆማል፤ ለጀማሪ ግን ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው። የሚለበልበው ከመጠን በላይ የተፋቀውን ቦታ ነው። የትኛው ቦታ እንደለበለበዎት ካስታወሱ በሚቀጥለው ጊዜ እጅዎን የት ማቅለል እንዳለብዎት ያውቃሉ።

አምስተኛ፦ ድፍረት የሚመጣበት ጊዜ

የእህቴ ልጅ በዚህ መንገድ ጀምሮ ደህና ይሄድ ነበር። ጓደኛውን ሊያጅብ ሚዜ በሆነበት ሰሞን ግን ዋዜማውን መስታወት ፊት ቆሞ፣ ጉንጩን በእጁ ጀርባ እየዳበሰ፣ «ጋሼ፣ ለነገ ልሙልጭ ብዬ ልውጣ» አለኝ። ከጎኑ ቆሜ አየሁት። ሁለተኛውን ዙር በቀጥታ በተቃራኒው ጀመረ፤ ለዚያውም ከአንገቱ። ከመላጫው ፊት ያለው ቆዳ ተጨማዶ ሲሰበሰብ ይታየኝ ነበር፤ ያ ሁሌም እየተጫኑ ለመሆኑ ምልክት ነው። «ቀለል አድርገው» ስለው «አይሰማኝም እኮ!» አለ። እውነቱን ነው፣ በዚያ ሰዓት አይሰማም። በማግስቱ ጠዋት አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ በላይ ቀልቶ፣ ነጠብጣቦቹ አብጠው ነበር፤ ሙሽራው ጎን ቀኑን ሙሉ ኮሌታውን ሲያላቅቅ ዋለ።

ድፍረት ሲመጣ በእነዚህ ይታወቃል። የሚላጩበት ጊዜ ያጥራል። አረፋው «ይበቃል» ይባላል። አንድ ቦታ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ይመለሳሉ። ከተላጩ በኋላ እጅዎ ሻካራ ቦታ ፍለጋ ፊትዎ ላይ ይዞራል። አዲስ ምላጭ፣ አዲስ መላጫና አዲስ ሳሙና በአንድ ሳምንት ይገዛሉ፤ ከዚያ ቆዳዎ ሲቆጣ የትኛው እንዳስቆጣው ማወቅ አይቻልም። ከእነዚህ አንዱን በራስዎ ላይ ካዩ ቀድሞ ፍርሃት ይጠብቅዎት የነበረውን ያህል አሁን ሥርዓት ይጠብቅዎት።

ሥርዓቱ ይህ ነው። የመጀመሪያውን ወር በጸጉሩ አቅጣጫ አንድ ዙር ብቻ ይላጩ፤ ትንሽ ጥላ ቢቀር ይቅር። ቆዳዎን የሚመዝኑት እንደተላጩ ሳይሆን በማግስቱ ጠዋት ነው። በተከታታይ በተላጩባቸው ጊዜያት ማግስቱ ያለ መቅላትና ያለ ማሳከክ ካለፈ፣ አረፋ ዳግም ቀብተው ጉንጭ ላይ ብቻ ሁለተኛ ዙር ወደ ጎን ይጨምሩ። እሱም ሲረጋ ወደ አገጭና ወደ አንገት ይውሰዱት። በተቃራኒው የሚደረገው ዙር የመጨረሻው ነው፤ እሱም በጉንጭ ይጀመራል። ጠመዝማዛ ጺም ያለው ሰው አንገቱ ላይ በተቃራኒው ጨርሶ ባይላጭ እመክራለሁ። ልሙልጭ አንገት ለአንድ ቀን ነው፤ እብጠቱ ግን ለሳምንታት ይቆያል።

ታጣፊውን ምላጭ የሚያምራቸውም አሉ። ጸጉር አስተካካዩ አዲስ ምላጭ ለሁለት ሰብሮ መያዣው ውስጥ አስገብቶ በደቂቃ ሲጨርስ ያየ ሰው ቀላል ይመስለዋል። የእሱ እጅ ግን በቀን ስንት ፊት ያስተካክላል፤ የሌላ ሰው ፊት ላይ ሲሠራም ከፈለገው አቅጣጫ ቆሞ ያያል። እኛ አንድ ፊት አለን፣ እሱንም በመስታወት ተገልብጦ ነው የምናየው።

ስድስተኛ፦ ከተሳሳቱ በኋላ

ከቆረጡት ቀዝቃዛ ውሃ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጥቂት ደቂቃ ሳይገልጡ መጫን። ከዚያ አሉም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በብረት መላጫ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።

መንስኤውን ከምልክቱ ይለዩ። አንድ ቀጭን መስመር ቁርጥ ከሆነ መላጫው ወደ ጎን ተንሸራትቷል ወይም በአገጭ ጉብታ ላይ ረጅም ስበዋል። ብዙ ጥቃቅን የደም ነጥብ ከሆነ ተጭነዋል። ሰፊ መቅላትና ማቃጠል ከሆነ አረፋው ደርቋል፣ ወይም ማዕዘኑ ፍቋል፣ ወይም ምላጩ ዶልዱሟል። አንድ ምላጭ ከሦስት እስከ ሰባት ጊዜ ቢያገለግል ነው፤ ጸጉር መጎተት ሲጀምር ይጣል። ከቀን በኋላ የሚወጣ እብጠት ከሆነ ጸጉሩ ከልክ በላይ አጥሯል።

ከዚያ ቆዳው እስኪረጋ ሁለት ሦስት ቀን ያሳርፉት። ሲመለሱ ካቆሙበት ሳይሆን ከአራተኛው ደረጃ፣ ከአንድ ዙር ይጀምሩ፤ ከአንድ ነገር በላይም አይለውጡ። ከባዱ ነገር ይሄኛው ነው፦ የሰለጠነ እጅ ወደ ጀማሪ ዙር መመለስ ያሳፍረዋል፣ ስለዚህ በተቆጣ ቆዳ ላይ «ላስተካክለው» ብሎ ይደግማል። በተቆጣ ቆዳ ላይ የሚስተካከል ነገር የለም።

ወደ ውስጥ የበቀለ ጸጉርን በመርፌና በወረንጦ አይቆፍሩ፤ ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳው የሚያብጥበት ሰውም አለ። ለብ ባለ ውሃ የረጠበ ጨርቅ ያሳርፉበትና ጺሙን ያሳድጉት። እብጠቱ ከበዛ ወይም መግል ከያዘ የቆዳ ሐኪም ይየው። አንገቱ ደጋግሞ የሚያብጥበት ሰው ምላጩን ትቶ በቶንዶስ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እያስቀረ ቢያስተካክል ይሻለዋል፤ ይህን የሚመክሩ ሐኪሞች ብዙ ናቸው።

ሰባተኛ፦ ምላጩን የት ያደርሱታል

መላጫዎን ከወንድምዎም ከልጅዎም ጋር አይጋሩ። በዓይን የማይታይ ደም እንኳ ሄፓታይተስ ቢን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ የጉበቱ ቫይረስ ከአካል ውጭ ለቀናት ይቆያል። ያገለገለውን ምላጭ በወረቀት ጠቅልለው ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣሉት፤ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ከረጢቱን በእጃቸው የሚያነሱ፣ የሚለዩ ሰዎች አሉ። ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ወስደው ክዳኑ ላይ ምላጭ የሚያሾልክ ስንጥቅ ያብጁ፣ ክዳኑን በፕላስተር ዙሪያውን ይለጥፉት። ለዓመታት አይሞላም። ሲሞላ ስንጥቁንም ይለጥፉ፣ ላዩ ላይ «ምላጭ» ብለው በትልቁ ይጻፉ፣ ለሚወስደው ሰው በእጅዎ ይስጡት።