ቤቱ ያንቺ፣ መሬቱ የሰው

ስሚኝማ እህቴ፣ ስልኩን አስቀምጪና አንዴ እንነጋገር። ያ ዩቲዩብ ላይ «ተንቀሳቃሽ ቤት በርካሽ ገዝቼ፣ ቀለም ቀብቼ በእጥፍ ሸጥኩ» የሚልሽ ሰውዬ አሜሪካ ነው ያለው። አንቺ ያለሽው አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ፉትስክሬ ነው። የደረሰሽን እቁብ ከማውጣትሽ በፊት የዚህን አገር ሥርዓት እንይ።

ቤት ተወደደ ሲባል የሚወደደው ከሥሩ ያለው መሬት ነው፤ ግድግዳና ጣሪያው በየዓመቱ ያረጃል። እዚህ እንዲህ ያሉ ቤቶች ባሉባቸው፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ተብለው በተሠሩት መንደሮች ውስጥ የምትገዢው ቤቱን ብቻ ነው። ለመሬቱ በየሳምንቱ ኪራይ ትከፍያለሽ፤ ቤቱ ገዢ አጥቶ ባዶውን ቢቆምም ኪራዩ አይቆምም። ብዙዎቹ መንደሮችም የሚፈልጉት ራሱ የሚኖርበትን ሰው እንጂ ነጋዴ አይደለም።

የመውጫውን ክፍያም አትርሺ። ላይፍስታይል ኮሚዩኒቲስ የተባለው የሜልበርን ኩባንያ ነዋሪው ቤቱን ሲሸጥ ከዋጋው ላይ እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ክፍያ በውሉ አስገብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ቪካት የተባለው የቪክቶሪያ የዳኝነት ችሎት ያንን የውል ቃል ውድቅ አደረገው፤ ኩባንያውም ይግባኝ አለ። ልብ በይ፣ 20 በመቶው ከትርፉ አይደለም፣ ከመሸጫው ዋጋ ነው። ቤቱ 300,000 ዶላር ቢሸጥ 60,000 ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ውል ሲሰጡሽ መጀመሪያ ስለመግባት ሳይሆን ስለመውጣት የሚለውን አንብቢ።

«እሺ፣ ካራቫን ገዝቼ ልሽጥ» ካልሽ እሱ ንግድ ነው፤ ይቻላል። ግን ዓይንሽን ክፈቺ። ዝናብ በጣለ ማግስት ሄደሽ እዪው። ፍራሹን አንሺ፣ ቁምሳጥኑን ክፈቺ፣ የመስኮቱን ማዕዘኖች በአውራ ጣትሽ ተጫኛቸው። ግድግዳው ከሰረጎደ ወይም ወለሉ በር ላይ ከረገበ ውስጡ ያለው እንጨት በስብሷል፤ ቀለም አያድነውም። ሻጩ ሽቶ ነፍቶ ከጠበቀሽም የሻጋታውን ሽታ እየደበቀ ሊሆን ይችላልና ተጠራጠሪ። የጋዙን መስመር ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይይልሽ።

ከዚያ በሻሲ ቁጥሩ ፒፒኤስአር በሚባለው የዕዳ መዝገብ ላይ ፈትሺ፤ 2 ዶላር ነው። ሻጩ ካራቫኑን በብድር ገዝቶ ዕዳውን ካልጨረሰ አበዳሪው አንቺ ደጅ መጥቶ ሊወስደው ይችላል። ያኔ ሻጩን ስልክ ብትደውዪለት አያነሳም።

ታክሱንም ነገሬ በይ። አትርፎ ለመሸጥ ተብሎ የተገዛ ዕቃ ትርፉ እንደ ገቢ ይታያል፤ ዓመት አቆይቶ ለሸጠ ባለሀብት የሚሰጠው የ50 በመቶ ቅናሽ አይመለከተውም። ሥራው ከቀጠለ ኤቢኤን የሚባለውን የንግድ ቁጥር አውጪ፤ ሽያጭሽ በዓመት 75,000 ዶላር ከደረሰ ደግሞ ጂኤስቲ የሚባለው የሽያጭ ታክስ አለ። ራሱ የሚነዳውን ባለሞተር ካራቫን በዓመት ውስጥ አራትና ከዚያ በላይ ከገዛሽና ከሸጥሽ የመኪና ነጋዴ ፈቃድ ትጠየቂያለሽ።

የራስሽ ግቢ ካለሽ ግን ወሬው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2023 ወዲህ ቪክቶሪያ ውስጥ 300 ካሬና ከዚያ በላይ በሆነ ግቢ ላይ እስከ 60 ካሬ የምትሆን ሁለተኛ ቤት ለመሥራት አብዛኛውን ጊዜ የፕላን ፈቃድ አያስፈልግም፤ የግንባታ ፈቃድ ግን የግድ ነው። ለብቻዋ ነጥለሽ አትሸጫትም፤ ማከራየት ግን ትችያለሽ፤ መሬቱም ያንቺው ነው።

እኔን ከሰማሽኝ መንደሩን ተዪው። ካራቫኑ ካማረሽ አንድ ብቻ ግዢ፣ ብትከስሪበት በማይጎዳሽ ብር። የመግዣውን፣ የጥገናውን፣ የማቆሚያውንና የታክሱን ወጪ ወረቀት ላይ ደምረሽ ትርፍ ካልታየሽ ብርሽን ይዘሽ ተመለሺ። የእቁቡን ብር ግን አትንኪ።