አነስተኛ በገና በመጠነኛ ዋጋ ስለ መግዛት

በገና 10 አውታር ያለው የጸሎትና የምስጋና መሣሪያ ነው። የኢትዮጵያ ሊቃውንት 10ሩን አውታር በ10ሩ ትእዛዛት ይመስሉታል፤ ይልቁንም በዐቢይ ጾም ይደረደራል። ቀድሞ መኳንንትና ወይዛዝርት በየቤታቸው ይደረድሩት ነበር፤ ዛሬ ግን የገበሬውም ልጅ ሊማረው ይሻል።

ነገር ግን ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ትምህርት ቤት ወይም ወላጅ ሳያስተውል የገዛ እንደ ሆነ፣ ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አይቀርም። በገናው ቅኝቱን የማይጠብቅ ሲሆን ልጁ ጥፋቱን ከእንጨቱ ሳይሆን ከገዛ ጆሮውና ከጣቱ ይቈጥረዋልና፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ተስፋ ቈርጦ ይተወዋል። ስለዚህ ገዢ ከዋጋው አስቀድሞ፣ በቀላሉ የሚታደሰውንና የማይታደሰውን ክፍል ለይቶ ሊያውቅ ይገባዋል።

በቀላሉ የማይታደሱት ገበቴው፣ ሁለቱ ቋሚዎችና ቀንበሩ ናቸው። እንጨታቸው ዋንዛም ቢሆን ሌላ፣ ፈጽሞ የደረቀ ይሁን። በእርጥብ እንጨት የተሠራ በገና እየደረቀ ሲሄድ ይሰነጠቃል፤ ይጣመማልም። ቀንበሩም ሲጣመም አውታሩ ይላላል። እንግዲህ ገዢው በገናውን ወደ ብርሃን አውጥቶ ስንጥቅ እንዳለበት ይመልከት፤ ቋሚዎቹ ከገበቴውና ከቀንበሩ ጋር የተጋጠሙበትንም ስፍራ በእጁ ይነቅንቅ፤ ቢወዛወዝ ይተወው። በገበቴው ላይ የተወጠረው ቆዳ ያልተቀደደና በየወገኑ እኩል የጠበቀ መሆኑን በአውራ ጣቱ ጫን ብሎ ይመርምር።

በቀላሉ የሚታደሱት ግን አውታሩና እንዚራው ናቸው። አውታር ከበግ አንጀት ይፈተላል። እንዚራ በአውታሩና በበርኩማው መካከል የሚገባ ትንሽ ቍራጭ ቆዳ ነው፤ ለበገና የሚነዝረውን ድምፁን የሚሰጠውም እርሱ ነው። ስለዚህ አውታሩ የተበጠሰ፣ እንጨቱ ግን ደኅና የሆነ በገና በርካሽ ቢገኝ መልካም ግዢ ነው። ጌጡ ያማረ፣ ገበቴው ግን የተሰነጠቀ በገና በርካሽም ቢገዛ ውድ ነው።

ሻጩ በገናውን ከቃኘው በኋላ ገዢው ጥቂት ጊዜ ይታገሥ፤ ዳግመኛም እያንዳንዱን አውታር ይስማ። አዲስ አንጀት በመጀመሪያ መላላቱ ልማዱ ነውና፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ መቃኘት ያስፈልጋል። ከዚህ በኋላ ግን ሳይነካ ቢላላ፣ ጕድለቱ ከመቃኛው እንጨት ወይም ከቀንበሩ ሊሆን ይችላል።

ስለ መጠኑም፣ ልጁ ተቀምጦ በገናውን ሲያቅፍ የግራ እጁ ጣቶች ያለ ጭንቅ ከ10ሩ አውታር ይድረሱ። አውታሩ እጅግ ሲያጥር ግን ድምፁ ይቀጥናልና፣ የበገናን ወፍራም ድምፅ ለማቈየት ልጁ ሊይዘው ከሚችለው መካከል ተለቅ ያለውን መምረጥ ይሻላል። አንድ በገና በተራ ለብዙ ተማሪ ይበቃል፤ ብቻ ከእሳት፣ ከፀሐይና ከዝናብ ይራቅ፤ አይጥም አንጀቱን እንዳይበላው ከፍ ባለ ስፍራ ይቀመጥ።

ጥያቄ
1ኛ፤ ከበገና ክፍሎች በቀላሉ የሚታደሱት የትኞቹ ናቸው?
2ኛ፤ በእርጥብ እንጨት የተሠራ በገና ስለ ምን ቅኝቱን አይጠብቅም?
3ኛ፤ እንዚራ ለበገና ምን ይሰጠዋል?