ከሰኔ ተከላ የተረፈ የነጭ ሽንኩርት ዘር ምን ይደረግ?

መስከረም ሲጠባ በብዙ ደጋና ወይና ደጋ ቤቶች ያልተተከለ የነጭ ሽንኩርት ዘር ተርፎ ይገኛል። ዝናቡ ዘግይቶ፣ በሬው ታሞ ወይም የጤፉ ሥራ ፋታ ነስቶ ሰኔና ሐምሌ ያመለጠው ዘር ነው። አብዛኛው ሰው ለመጪው ሰኔ ይሆነኛል ብሎ ያስቀምጠዋል። አይሆንም። ነጭ ሽንኩርት እንደ ገብስና ባቄላ በጎተራ የሚከርም ዘር አይደለም። ከተነቀለ በኋላ ሁለት ሦስት ወር ያህል ያንቀላፋል፤ ከዚያ መሬት ቢያገኝም ባያገኝም ያቆጠቁጣል፣ የያዘውንም ምግብ እየጨረሰ ይሟሽሻል። ዘንድሮ የተረፈ ዘር ዘንድሮ መሬት፣ ገበያ ወይም ድስት መግባት አለበት።

ለመትከል የመጀመሪያው ጥያቄ ውሃ ነው። ነጭ ሽንኩርት ከተከላ እስከ ምርት አራት አምስት ወር ይፈልጋል፤ ሥሩም አጭር ስለሆነ በክረምቱ ርጥበት ብቻ ያን ያህል አይዘልቅም። ወንዝ፣ ጉድጓድ ወይም የመስኖ ቦይ ያለው ሰው ግን ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መጀመሪያ መትከል ይችላል። እንዲያውም ይህ ጊዜ ትልቅ ጥቅም አለው። ሽንኩርቱ ራስ ቋጥሮ ወደ ፍልቃቂ የሚከፋፈለው ቅዝቃዜ ሲያገኝ ነው፤ በአገራችን የቀኑ ርዝመት በክረምትም በበጋም ብዙ ስለማይለያይ ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው የሌሊቱ ብርድ ነው። በጥቅምት የተተከለ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ሲደርስ ቅጠሉን ዘርግቶ ይጠብቀዋል። የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት ላይ ይነቀላል፤ ሦስት ወር አርፎ ለሰኔ ተከላ ትኩስ ዘር ይሆናል። ወቅቱ ያመለጠው ገበሬ በዚህ መንገድ ወደ መደበኛው ዑደት ይመለሳል።

ከታኅሣሥ በኋላ መትከል ግን አይመከርም። ብርዱ ስለሚያልፍ ብዙው ሳይከፋፈል ትንሽ ድፍን ራስ ሆኖ ይቀራል፤ መንቀያውም ከግንቦት ዝናብ ጋር ስለሚጋጭ ማድረቅ ያስቸግራል።

ሁለተኛው ጥያቄ የዘሩ ጤና ነው፤ እዚህ ላይ ማንም እንዳይቸኩል አጥብቀን እንለምናለን። ራሱን ከተከላው ቀን በፊት አትፈልቅቁት፤ የተፈለቀቀ ቶሎ ይደርቃል። ስትፈልቅቁ እያንዳንዱን በጣት ጫን ብላችሁ ሞክሩ። ጠንካራውን ለተከላ ለዩ። አጭር ቡቃያ ያወጣ ጤነኛ ዘር ነው፤ ቡቃያው ሳይሰበር ወዲያው ይተከል። ቡቃያው ረዝሞ ፍሬው የተሟሸሸውን ለብቻ አድርጉት። የሻገተውን፣ ውስጡ ባዶ የሆነውን፣ ከሥሩ በኩል እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ሻጋታ ወይም የስፒል ራስ የሚያክል ጥቁር ነጥብ የታየበትን አቃጥሉት። ወደ ፍግ ጉድጓድ መጣል የለበትም።

ይህ የመጨረሻው ምልክት የነጭ አበስብስ በሽታ ነው። ጥቁሮቹ ነጥቦች አፈር ውስጥ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ሳይሞቱ ይቆያሉ፤ የሽንኩርት ወገን የሆነ ተክል ሥር በአጠገባቸው ሲያድግ ይነቃሉ። በዘር፣ በዶማ፣ በእግር ጭቃና በጎርፍ ከማሳ ወደ ማሳ ይሄዳሉ። ጥቂት የታመመ ዘር ለማትረፍ ብሎ ልጆች የሚወርሱትን መሬት መበከል ትልቅ ጥፋት ነው። ከገበያ ተገዝቶ የተረፈና ከየት ማሳ እንደመጣ የማይታወቅ ዘር ከሆነ ለወጥ ይዋል እንጂ መሬት አይንካ። በሽታው ያልታየበት ማሳም ቢሆን ባለፉት ሦስት አራት ዓመታት ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት ወይም ባሮ ሽንኩርት ያልነበረበት ይሁን።

አተካከሉ ከመደበኛው ብዙም አይለይም። ውሃ የማይተኛበት መሬት ምረጡ፤ ጥቁር አፈር ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጉ። በደንብ የተብላላ ፍግ ወይም ኮምፖስት አስቀድማችሁ ቀላቅሉ። በመስመር መካከል 30፣ በተክል መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ለቅቃችሁ፣ ሹሉን ጫፍ ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አጥልቃችሁ ትከሉ። በዚህ ርቀት ለሩብ ሄክታር 83 ሺህ ያህል ፍልቃቂ ያስፈልጋል፤ አንዱ 2.5 ግራም ቢመዝን ሁለት ኩንታል ገደማ ማለት ነው። ትርፉ ከዚህ ካነሰ መሬቱን አጥብቡ እንጂ ዘሩን አታሳሱ። ትልልቁን ፍልቃቂ ለዋናው መደብ አድርጉ፤ ትልቅ ዘር ትልቅ ራስ ይሰጣል።

የዘገየ ተከላ ለመፋፋት ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ አረምን መታገሥ አይችልም። የነጭ ሽንኩርት ቅጠል ቀጭን ነውና መሬቱን አያጠላም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አረም ምርቱን ክፉኛ ይቀንሳል። የጤፍ ጭድ መጎዝጎዝ ርጥበትንም ይይዛል፣ አረምንም ያፍናል። ዩሪያ የምትጨምሩ ከሆነ ተክሉ ገና ቅጠል እያወጣ ሳለ ይሁን፤ ራስ መቋጠር ከጀመረ በኋላ የተሰጠ ዩሪያ ቅጠል እያበዛ ምርቱን ያዘገያል። ከመንቀላችሁ ሁለት ሦስት ሳምንት አስቀድማችሁ ውሃ አቁሙ።

ለብቻ የተለየውን የተሟሸሸ ዘር፣ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ፣ በጓሮ አንድ ትንሽ መደብ ላይ አጠጋግታችሁ ቅበሩት። ራስ አትጠብቁበት፤ ቅጠሉ ግን በአንድ ሁለት ወር ውስጥ ለወጥና ለሰላጣ ይደርሳል።

ውሃ የሌላችሁ አርሶ አደሮች ዘሩን አሁኑኑ፣ ሳይሟሽሽ፣ ለገበያ አውጡት። መስኖ ያላችሁ ደግሞ ከመትከላችሁ በፊት ጥቂት ራሶች ይዛችሁ ወደ ቀበሌያችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሂዱና አስመርምሩ።