ጣና ላይ በጀልባ ከመውጣትዎ በፊት፦ ውሃው ስለሸፈነው ድንጋይ ማወቅ ያለብዎ

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታው ግን 14 ሜትር ገደማ ነው። ሐይቁ የተፈጠረው ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ላቫ የዓባይን መውጫ ስለዘጋው ነው፤ በዳሩም በደሴቶቹ ዙሪያም ጥቁር ድንጋይ የማይጠፋው ለዚህ ነው። ድንጋዩ ካለበት አይነቃነቅም፤ ከፍ ዝቅ የሚለው ውሃው ነው። ለቦታው እንግዳ ከሆኑ ጀልባ ከመከራየትዎ ወይም የራስዎን ከማስነሳትዎ በፊት እነዚህን አንድ በአንድ ይመልከቱ።

1. ወሩ ማን ነው?
ውሃው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ይሞላል፤ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ሊደርስ ይችላል። በጥቅምት ጀልባዎ ሳይነካው ያለፈው ድንጋይ በሰኔ ፕሮፔለሩን ሊሰብረው ይችላል። ጉዳዩ የዝናብ ብቻ አይደለም፤ በዓባይ መውጫ ላይ ያለው የጨረጨራ ግድብ፣ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የሚወስደው ውሃ፣ የሐይቁን ከፍታ ይለውጣሉ። በ1995 ዓ.ም. ውሃው በጣም ከመጉደሉ የተነሳ መርከቦች ለወራት ሥራ አቁመው ነበር። ስለዚህ «አምና በዚህ አልፈናል» የሚለው ዋስትና አይሆንም። ከሰው ያገኙት የጂፒኤስ መስመርም ቢሆን በየትኛው ወር እንደተመዘገበ ይጠይቁ።

2. መንገዱን የሚያውቀው ማን ነው?
ነጂውን «በዚህ ሳምንት በዚያ በኩል ሄደሃል? የት የት ጋ ነው ፍጥነት የምትቀንሰው?» ይበሉት። ቦታውን እየጠራ የሚመልስልዎ ያውቀዋል፤ «ችግር የለም» ብሎ የሚያልፈውን ግን ደግመው ይጠይቁት። ራስዎ የሚነዱ ከሆነ ዓሣ አጥማጆችን ያነጋግሩ። ሆኖም ታንኳ ባለፈበት ሁሉ የሞተር ጀልባ አያልፍም፤ የደንገል ታንኳ ጥቂት ውሃ ይበቃዋል፣ ከሥሩ የሚሽከረከር ነገርም የለውም።

3. የብሱን አይተዋል?
ርብ፣ ጉማራና ግልገል ዓባይ ደለል ስለሚያመጡ የጣና ውሃ ብዙ ጊዜ ድፍርስ ነው፤ ወደ ታች አይቶ ድንጋይ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ዳሩን ያንብቡ። ወደ ውሃው ሾጥጦ የገባ ድንጋያማ መሬት ውሃው ዳር ላይ አያበቃም፤ ከሥርም ሊቀጥል ስለሚችል ራቅ ብለው ይዙሩት። ከዳር ርቆ ውሃ መሃል የቆመ ወፍ፣ ሌላው ጸጥ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚሰበር ሞገድ፣ ሁለቱም ከሥር አንድ ነገር እንዳለ ይነግሩዎታል። እምቦጭ በተንሰራፋበት በኩል ደግሞ አረሙ ምልክቱን ሁሉ ስለሚደብቅ አይግቡ።

4. ሰዓቱ ይመቻል?
ጠዋት ሐይቁ ብዙውን ጊዜ ይረጋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ሞገድ የድንጋዩን ምልክት ይሰውራል፤ ጀልባውንም አንስቶ ድንጋዩ ላይ ሊያሳርፈው ይችላል። ዝቅ ያለች ፀሐይ ከፊት ለፊት ከመጣችም ውሃው እያንጸባረቀ ዓይን ይከለክላል። መመለሻዎን ከመነሻዎ በፊት ይወስኑ።

5. ጭነትና ፍጥነትስ?
ሰው በበዛ ቁጥር ጀልባው ወደ ውሃው ዝቅ ይላል፤ ባዶውን ያለፈበት ቦታ ሞልቶ ሲመለስ ሊነካው ይችላል። ወደ ዳርና ወደ ደሴት ሲጠጉ ፍጥነት ይቀንስ፣ አንድ ሰው ፊት ላይ ሆኖ ይመልከት። ጥልቀት መለኪያ ካለዎትም አይዘናጉ፤ የሚነግርዎ ከሥርዎ ያለውን እንጂ ከፊትዎ ያለውን አይደለም።

6. ቢመታስ?
ሞተሩን ወዲያው ያጥፉ። ጀልባውን ከመሳብዎ በፊት ወለሉን ይፈትሹ፤ ተበስቶ ከሆነ ቀዳዳውን የያዘው ድንጋዩ ራሱ ሊሆን ይችላል። ውሃ ካልገባ ሞተሩን ያንሱና በመቅዘፊያ እየገፉ በመጡበት ይመለሱ። የፊቱን አያውቁትም፤ የኋላው ግን ቢያንስ አንዴ አሳልፎዎታል።

ውሳኔው
የሕይወት አድን ጃኬቱ ከተሳፋሪው ካነሰ፣ ነፋሱ ከተነሳ፣ ወይም ነጂው መንገዱን በዚህ ወቅት ካላየው አይሳፈሩ። ከሦስቱ አንዱ ይበቃል። የቀጠሮ ቀን ማለፉ አያስጨንቅዎ፤ መድረሻዎ ዘጌ ከሆነ ከባሕር ዳር በመኪናም ይገባል፤ ደሴቶቹን ደግሞ በሌላ ቀን ጠዋት ያዩዋቸዋል።