ከእኛ በታች ሰው አለ
(ለደብረ ታቦር ወጣት የተሰጠ ምክር)

ልጄ ሆይ፤

ከጓደኞችሽ ጋር ማኅበር አቋቁመሽ የደብረ ታቦርን አረንጓዴ ቦታዎች ልትንከባከቢ፣ ከየቤቱም ደረቅ ቆሻሻ ልትሰበስቢ መነሣትሽን ሰማሁ። ደስ አለኝ። እኔ ዕድሜዬን በፋርጣ ገበሬዎች መካከል እርከን ሳሠራና ችግኝ ሳስተክል የኖርሁ ሰው ነኝ፤ መሬቱ ያስተማረኝን ልንገርሽ። ምክሬ ሁሉ ከአንድ ሐሳብ ይነሣል፦ ደጋ ላይ የሚኖር ሰው የጣለው ነገር ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች ደግሞ ሰው አለ። ይህን ልብ ካልሽ የቀረውን ራስሽ ትደርሺበታለሽ።

1. የቆምሽበትን ቦታ እወቂ።

ከተማችን የጉና ተራራ ግርጌ ላይ ናት። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ዝናቡን ይቀበላል፤ ጓሳው፣ አስታውና ጅብራው የያዘውን ውሃ በበጋ ቀስ እያለ ይለቃል። ርብና ጉማራ የሚነሡት ከዚያው ነው። የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ ከጣና ዓባይ ይወጣል። እንግዲህ በእኛ ቦይ ውስጥ የተጣለ ፌስታልና ከእኛ ማሳ የታጠበ አፈር የት እንደሚደርስ ይታወቃል። እምቦጭ የተባለው አረም በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ ከታየ ወዲህ የሐይቁ ዳር ገበሬ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። አረሙን የሚያፋፋው ከላይ ታጥቦ የሚወርደው ለም አፈር፣ ማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ ነው። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል። ያንን ክብር የሚያስጠብቀው ግማሹ ሥራ እዚህ ራስጌው ላይ የሚሠራው ነው፤ የአንቺም ሥራ ከዚያ ይቆጠራል።

2. ቆሻሻ ከየቤቱ ተለይቶ ይውጣ።

አንዴ ከተቀላቀለ ሁሉም ይበላሻል። በወጥ የራሰ ካርቶን ገዥ የለውም፤ የተሰበረ ብርጭቆ የገባበት የሽንኩርት ልጣጭም ለብስባሽ አይሆንም። ለየደንበኛሽ ሁለት ጆንያ ስጪ፤ አንዱ ለሚበሰብሰው፣ አንዱ ለማይበሰብሰው። ለእናቶች ስታስረጂ እንደ አዲስ ትምህርት አታቅርቢው። የጠላውን አተላ ለላም፣ ግርዱን ለዶሮ፣ አመዱን ለጓሮ ጎመን ሲሉ የኖሩ እነሱ ናቸው። «እማማ፣ እርስዎ ድሮ የሚያደርጉትን ነው የምንለው» ብትያቸው ይሰሙሻል።

ሳይለይ የተከመረ ቆሻሻ ምን እንደሚያደርስ አዲስ አበባ አይታዋለች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ እዚያው ተራራ ሥር ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ድሆች ናቸው። ደብረ ታቦር ገና ትንሽ ሳለች ብታስብበት ይሻላታል።

3. የሚበሰብሰውን ወደ አፈር መልሺ።

በእኛ አገር ፍጉ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ያልቃል። ገበሬው የፍግን ጥቅም አጥቶት አይደለም፤ ማገዶ ስለጠፋ ነው። ስለዚህ ከከተማ የሚወጣው የምግብ ትርፍራፊና የሣር ቁራጭ ትልቅ ሀብት ነው። በደብረ ታቦር ብርድ ብስባሽ ይዘገያል፤ ሦስት አራት ወር መታገሥ አለብሽ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ጥላ ያለው፣ ጎርፍ የማይደርስበት ቦታ ምረጪና ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ መደብ ለኪ። አየር እንዲገባው ከሥር ጭራሮና የባቄላ አገዳ አንጥፊ። በላዩ ገለባና ደረቅ ቅጠል፣ ቀጥሎ የወጥ ቤት ትርፍራፊና እርጥብ ቅጠል፣ ከዚያ ፍግ፣ ከዚያ ጥቂት አመድና ስስ አፈር አድርጊ፤ በዚሁ ተራ እየደጋገምሽ እስከ ወገብሽ ከምሪው። መሃሉ ላይ ረጅም ዘንግ ስኪበት። በሳምንቱ ዘንጉን መዘሽ በእጅሽ ጨብጪው። ሞቆና ወዝቶ ከወጣ ሥራው እየሄደ ነው። ደርቆ ከወጣ ውሃ ርጪ። ቀዝቅዞ፣ ጨቅይቶና ሸትቶ ከወጣ ውሃ በዝቶበታልና ገልብጠሽ ገለባ ጨምሪበት። በየወሩ ገልብጪው። ጠቁሮ፣ እጅ ላይ ሲፈረፈርና የመጀመሪያ ዝናብ እንደነካው መሬት ሲሸት ደርሷል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አታብዢበት፤ ቶሎ አይበሰብስም።

አመዱን ደግሞ አታቃልዪው። የደጋችን አፈር በዝናብ ብዛት እየታጠበ አሲዳማ ሆኗል፤ ለዚህ ነው የግብርና ሰዎች ኖራ የሚያስበትኑት። ለጓሮና ለአበባ መደብ የምድጃ አመድ የኖራን ሥራ በመጠኑ ይሠራል።

4. ቁራሌውን አክብሪ።

በየሰፈሩ እየጮኸ የሚዞረው ልጅ ከአንቺ በፊት ይህን ሥራ የጀመረ ባልደረባሽ ነው። ከእሱ ጋር ተስማሚ፤ ብረቱንና ጠርሙሱን በዋጋ ውሰጂለት እንጂ እንጀራውን አትንጠቂው። ዕቃው ተሰብስቦ አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይደርሳል፤ ቁርጥራጭ ብረቱም በማቅለጫ ፋብሪካዎች ተመልሶ ፌሮ ይሆናል። አሉሚኒየም ከቁርጥራጭ ሲቀልጥ ከማዕድን ለማውጣት ከሚፈጀው ኃይል አምስት በመቶ ያህሉ ይበቃዋል።

ለደብረ ታቦር ልጅ ብረታ ብረት ማቅለጥ እንግዳ ነገር አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ነው፤ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ወጣ፤ ዛሬም እዚያው አለ። ብረታ ብረት የማቅለጥ ሥራ በአገራችን ይህን ያህል ዕድሜ ካለው፣ ብረት ቦይ ውስጥ ዝጎ እንዲቀር መተው ነውር ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እከለክልሻለሁ። የመኪና ባትሪ አትፍቺ፣ ማንም እንዲፈታም አትፍቀጂ። በውስጡ ያለው እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ አሲዱ ሥጋ ያቃጥላል። እንዳለ፣ ሳይከፈት፣ ለሚረከብ ነጋዴ ይሂድ። ከማይታወቅ ቁርጥራጭ ቀልጦ የተሠራ ድስትም ለማብሰያ አትግዢ።

5. ከፌስታል ቀድመሽ ተላቀቂ።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ ገበያው ግን አልተወውም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠንከር ያለ አዋጅ አጽድቋል። ሕጉ እስኪደርስብሽ አትጠብቂ። ማኅበርሽ የጨርቅ ዘንቢል እያሰፋ ለገበያተኛ ይሽጥ፤ የቅዳሜ ገበያ ሄዳ በስፌትና በቅርጫት ሸምታ የምትመጣ እናት ዛሬም አለች፤ ምሳሌ አድርጊያት። የሃይላንድ ጠርሙስን ደግሞ ክዳኑን ለይተሽ፣ ጨፍልቀሽ አስቀምጪ፤ ሳይጨፈለቅ ከጫንሽው ለአየር የትራንስፖርት ሒሳብ ትከፍያለሽ። ፕላስቲክ በእሳት አታቃጥዪ፤ ጭሱ መርዝ ነው።

6. የአገሩን ዛፍ ትከዪ።

ምን እንደምትተክዪ ለማወቅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደን ሂጂ። በልቦለዶቹም የምታውቂው የደን ምሁሩ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግቧል። በዙሪያቸው ያለው መሬት ሲራቆት እነዚህ የተረፉት ካህናቱና ምእመናኑ ስለጠበቋቸው ነው። ጥናቱ ሌላም ነገር አሳየ፦ ከብት ስለሚገባ ቡቃያው እየተበላ ደኑ ወጣት ዛፍ አጥቷል። ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናትና ከገበሬዎች ጋር ሆነው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ማሠራት ጀመሩ፤ የዣራ ቤተ ክርስቲያን ደን ከነዚህ አንዱ ነው። ድንጋዩ የተለቀመው ከገበሬው ማሳ ነው። ማሳው ለማረሻ ተመቸ፣ ደኑም ከከብት ተጠበቀ፤ ከሩቅ የመጣ ሲሚንቶና ሽቦ አላስፈለገም። የአካባቢን ዕቃ መልሶ መጠቀም ማለት ይህ ነው፤ ለመናፈሻሽም አጥር ከዚህ የተሻለ አታገኚም።

ለከተማችን ብርድ ኮሶ፣ ጽድና ወይራ ይሆናሉ። ለሕያው አጥር ቀጋ አለልሽ። ንብና በግ ላለው ሰው ትሪ ሉሰርን ጥሩ ነው። ባሕር ዛፍን ለምሰሶና ለገንዘብ የሚተክል ገበሬን አትቃወሚ፤ ከምንጭና ከእርሻ ዳር ግን ይራቅ።

7. የችግኙን ላስቲክ ቆጥረሽ መልሺ።

ይህን ስንቱ ተራራ ላይ አይቼ አዝኛለሁ። ሺህ ችግኝ ይተከላል፤ ሺህ ጥቁር ላስቲክ እዚያው ይቀራል። ክረምቱ ጠርጎ ወንዝ ያገባዋል፤ የቀረውን ላም ትውጠዋለች። ከዚህም የከፋው ችግኙ ከነላስቲኩ ሲተከል ነው፤ ሥሩ ዙሪያውን ተጠምዝዞ ታንቆ ይቀራል፤ ዛፉ በሁለተኛው ዓመት ለምን እንደደረቀ ማንም አያውቅም።

ስለዚህ ተካይ ሁሉ ምላጭ ይያዝ። ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች በአንድ ጎኑ ቅደጂ፣ አፈሩ ሳይፈርስ በሁለት እጅሽ ደግፈሽ ጉድጓዱ ውስጥ አኑሪ፣ ከሥር የተጠመዘዘ ሥር ካለ ቁረጪ፣ አፈሩን መልሰሽ በእግርሽ ጠቅጥቂ። ላስቲኩን ኪስሽ ክተቺ። ማታ ችግኙና ላስቲኩ ቁጥራቸው እኩል ይሁን። ጊዜውንም እወቂ፤ ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት እንዲሉ፣ በሐምሌ ተክለሽ ጨርሺ፤ ሥሩ ዝናቡ ሳይወጣ መሬት ይያዝ።

8. ውሃውን አዘግዪው።

የከተማ ማስዋብ ማለት ሜዳውን ሁሉ በሲሚንቶ መድፈን የመሰላቸው አሉ። በሲሚንቶ የተደፈነ ግቢ ዝናቡን አይጠጣም፤ ጎርፍ አድርጎ ለጎረቤት ይልከዋል፤ ከከተማ ሥር ቦረቦር የሚከፈተውም እንዲህ ነው። በአሸዋ ላይ የተነጠፈ ኮብልስቶን ውሃ ያሰርጋል፤ ድንጋዩም የአገራችን ነው፣ የሚጠርበውም የአገራችን ልጅ ነው። በተዳፋት ላይ እርከን ሥሪ፤ ጠርዙን በደሾ ሣር ያዢው። ከመንገድ የሚወርደውን ውሃ ወደ ዛፍ ጉድጓድ ምሪው። የጣራ ውሃ በሮቶ አጠራቅሚ፤ በጥርና በየካቲት ችግኝ ጣቢያሽ ከቧንቧ ጋር አይሻማም።

9. ጋራዡና ወርክሾፑ ዘንድ ሂጂ።

ፋብሪካ በከተማችን ትንሽ ነው ብለሽ አትለፊው። ጋራዡ፣ ላቫጆው፣ ጎሚስታው፣ እንጨት ቤቱ ሁሉ ኢንዱስትሪ ነው። ጋራዡ የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ እንዳያፈስ በርሜል አቅርቢለትና እየመጣሽ ውሰጂለት። ላቫጆው ውሃውን ወደ ወንዝ ከመልቀቁ በፊት ዝቃጩና ዘይቱ የሚቀርበት የማጣሪያ ጉድጓድ ይቆፍር። ከእንጨት ቤቱ ንጹሕ ሰጋቱራ ለዶሮ ቤት ጉዝጓዝ፣ ቀጥሎም ለብስባሽ ይሆናል፤ ቀለምና ሙጫ የነካው ግን ለሁለቱም አይሁን። ባለቤቱን «ጋሼ» ብለሽ በአክብሮት አናግሪ፤ የሚቆጥበውን ገንዘብ አሳዪው።

በትልቁም ይቻላል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የጨርቅ ማቅለሚያ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም፣ ወደ ሐዋሳ ሐይቅም እንዳይለቅ ተደርጎ ተሠርቷል። እምቢ ያለ ሲገጥምሽ ሕጉን እወቂ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ይሰጥሻል፤ አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ በካዩን ተጠያቂ ያደርጋል።

10. ጓደኞችሽን ጠብቂ።

ጓንትና ቦት ሳያደርግ ማንም ቆሻሻ አይንካ። የሕክምና መርፌ ጆንያ ውስጥ ካገኛችሁ በእጃችሁ አታንሡ፤ ከየት እንደመጣ አጣርታችሁ ለጤና ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። የታመመ አባል ደመወዙ እንዳይቆረጥ ከመጀመሪያው በደንባችሁ ጻፉት።

11. ሥራው እንጀራ ይሁንሽ።

በጎ ፈቃድ ብቻውን ዓመት አይዘልቅም። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትመሠርት፣ አባቶቻችን በረባሶ ሲሠሩበት የኖሩትን አሮጌ ጎማ ይዛ ነው የዓለም ገበያ የገባችው። አንቺም ብስባሹን በኪሎ ሽጪ፣ ችግኝ አፍዪ፣ ግቢ አስውቢ፣ ካርቶንና ብረቱን አስረክቢ። የገባውንና የወጣውን በደብተር ጻፊ፤ ደብተሩ ለአባላት ሁሉ ክፍት ይሁን። ማኅበር የሚፈርሰው ከገንዘብ ማነስ ይልቅ ከጥርጣሬ ነው።

ልጄ፣ ነገ ሥራ ስትጀምሪ ሁሉንም በአንድ ቀን ልሥራ አትበዪ። አንድ ቀበሌ ምረጪ፤ ጆንያውን አከፋፍዪ፤ የመጀመሪያውን ብስባሽ ከምሪ። ያ ሲሳካ ወደ ሁለተኛው ሂጂ። በዓመቱ ወደ ፎገራ ወርደሽ የሐይቁ ዳር ገበሬዎችን አነጋግሪ፤ ከእኛ ወገን ምን እንደሚወርድባቸው ጠይቂያቸው፤ የሚነግሩሽን ለቀጣዩ ዓመት ዕቅድሽ መነሻ አድርጊው። እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያበርታው፤ የተከልሽው ይጽደቅልሽ፤ ማኅበራችሁን ከመለያየት ይጠብቀው።